ዝርዝሩና ርስቱ፤ የርእሳነ ብሔር ታሪክ ከዳሞት ሲታይ

ስለ አገራችን ርእሳነ ብሔር በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በልዩ ልዩ መጽሔቶች የሚቀርበው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የስምና የዘመን ዝርዝር ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ ይጀመራል፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዐፄ ዮሐንስ፣ ዐፄ ምኒልክ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይላል፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የደርግ ሊቃነ መናብርት፣ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮም ፕሬዚዳንቶች ይከተላሉ። ዝርዝሩ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ሥልጣኑ እስከ የት ይደርስ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ስለማይቀመጥ፣ አንባቢው ሁሉም በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ያንኑ ዝርዝር ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ካለው ገጠር፣ ማለት ከጥንቱ ዳሞት ቆመን መመርመር ነው።

ዳሞትን የመረጥነው ለአገር ልጅነት አድልተን ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ስለ ሥልጣን የተነሣው ክርክር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስለ መሬት የተነሣ ክርክር ስለ ሆነ፣ የሕጉን ቃል ከሥራው ጋር ለማስተያየት የሚመች ቦታ ነው። የገጠር ሰው የሕገ መንግሥትን አንቀጽ ቈጥሮ ሥልጣንን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሹሙን ማን እንደ ላከው፣ ግብሩን ማን እንደሚቀበለው፣ መሬቱን ማን ሊለካው እንደሚችል፣ ክተት ሲባልም በማን ስም እንደሚባል ነው። እኛም ዝርዝሩን የምንመዝንበት ሚዛን ይኸው ነው።

በሚዛኑ መሠረት ስንሄድ በመጀመሪያ የምናገኘው ነገር፣ የርእሰ ብሔርነት ስምና የመግዛት ኀይል በአንድ ሰው ላይ መዋሉ ልማድ ሆኖ የኖረ አለመሆኑን ነው። በዘመነ መሳፍንት (ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም.) ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ይቀመጥ ነበር፤ ዘውዱም አልጠፋም። የሚያነግሡትና የሚሽሩት ግን ራሶቹ ነበሩ። ዳሞት በዚያን ጊዜ ያደረው ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ እንጂ ጎንደር ለተቀመጠው ንጉሥ አልነበረም። ደጃዝማች ጎሹ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተዋግተው ሲወድቁ፣ ለዳሞት ገበሬ የተለወጠው ነገር በጎንደር ነገሥታት ስም ዝርዝር ውስጥ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ሲቀቡ ብቻ ዝርዝሩ ይነቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ የሚያከራክር ነው። በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን «ተክለ ሃይማኖት ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ብለው አነገሡ። እንግዲህ በአንድ አገር ላይ ንጉሠ ነገሥት አለ፤ ከበታቹም ዘውድ የጫኑ ሁለት ነገሥታት፣ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት አሉ። እነዚህ ሁለቱ በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ተዋጉ፤ የጎጃሙ ንጉሥም ተማረኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከበላይ ሆነው ገላገሉ እንጂ ጦርነቱን አስቀድመው ሊከለክሉት አልቻሉም። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ተቈጥተው ጎጃምን በሠራዊታቸው አስወረሩ። ለአንዱ ገበሬ ሁለት ዘውዶች በራሱ ላይ መኖራቸው ማለት ምን እንደ ሆነ ያን ዓመት ታየ፤ አንዱን ዘውድ አገልግሎ የሌላው ሠራዊት ጎተራውን ባዶ አደረገበት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ዐፄ ምኒልክ ለጎጃም ሌላ ንጉሥ አላነገሡም፤ አገሩንም ለያዩት። ይህ አንድ ሹመት ያለ መስጠት፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ ዐዋጅ ይልቅ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ያሳደገ ሥራ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ግን አይታይም፤ ያልተሾመ ሰው ስም የለውምና።

የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍት ለብዙ ትውልድ ተማሪ ያገለገሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ርእስ መያዙ ብቻውን የአጻጻፉን መንገድ ያመለክታል፤ ጊዜ የሚቈጠረው በነጋሢ ነው። በዚያው በጎጃም ቤተ መንግሥት አካባቢ የኖሩት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ደግሞ የጎጃምን ታሪክ ሲጽፉ በትውልድ ቈጠሩት፤ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ የትኛውም ዘር የትኛውን አገር እንደ ያዘ። አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነብ፣ የመጀመሪያው የማዕከሉን፣ ሁለተኛው የርስቱን መዝገብ የያዙ ሆነው ያገኛቸዋል። የአለቃ ተክለ ኢየሱስን መንገድ «የአገር ቤት ተረት ነው» ብለው የሚያልፉ አሉ። አንስማማም። የዘር ቈጠራ በጎጃም የመሬት መብት ማስረጃ ስለ ነበረ፣ እሳቸው የጻፉት ራሱ ስለ ሥልጣን የተጻፈ ነገር ነው።

ስሙና ኀይሉ መለያየታቸው በመሳፍንት ዘመን ያበቃ የሚመስለው ካለ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን ዘመን ይመልከት። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ርእሰ ብሔርዋ እሳቸው ነበሩ፤ አልጋ ወራሽና እንደራሴው ግን ራስ ተፈሪ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ዘውዱ የዘውዲቱ ነበረ፤ ሥራው ግን የእንደራሴው። በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ «በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ርእሰ ብሔር» ተብሎ በብዙ ጋዜጣ ተጽፎ ነበር። ጸሐፊዎቹ «ፕሬዚዳንት» ቢሉ ኖሮ በተስማማን። ዘውዲቱን መርሳታቸው ግን በአጋጣሚ ብቻ አይመስለንም፤ ዝርዝሩን የምናነበው ኀይለኛውን እየፈለግን ስለ ሆነ ዐይናችን ከዘውዲቱ ላይ ወደ ተፈሪ ይዘላል።

ወደ ዳሞት እንመለስ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በመቀባታቸው የተቀደሱ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ደነገገ። በዚያ ጊዜ ጎጃምን የሚገዙት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ተይዘው ተሻሩ፤ በምትካቸውም ራስ እምሩ ተሾሙ። ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ብዙ ገጽ ይጽፋሉ። ለጎጃም ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የነበረው ግዛት ከማዕከል በተላከ ሹም መተካቱ የሕገ መንግሥቱ ትርጕም እሱ ነበር። ሹመት በዘር መሆኑ ቀርቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ተደላድሎ አልቈየም። ከግንቦት 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ተጠራ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ተቀመጡ። ዝርዝር ጸሐፊዎች እነዚህን አምስት ዓመታት በአንድ መሥመር ያልፏቸዋል፤ ወይም ዘመኑ እንዳልተቋረጠ ይቈጥሩታል። በሕግ ረገድ ይህ አያስነቅፍም፤ አርበኞቹም በስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ስም ይዋጉ ነበርና። በሥራ ረገድ ግን በጎጃም ገጠር የሚሾመው፣ የሚፈርደውና ስንቅ የሚሰበስበው እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያለ የአርበኛ መሪ ነበረ። ዘውዱ በባሕር ማዶ ሳለ ሥልጣን በጫካ ውስጥ አደረ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ በኩል ወደ ደጋው ወጡ። ጠላት በዚያው የካቲት ወር ማለቂያ ላይ ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመጋቢት ማለቂያ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራ ፍኖተ ሰላም መባሉ ከዚህ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። የከተማ ስም ማውጣት በየትኛውም ሕገ መንግሥት ከርእሰ ብሔር ሥልጣኖች መካከል አልተጻፈም። ሆኖም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም፣ የደርግም ዘመን አልፎ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ የቀረው ሥልጣናቸው በዳሞት ይህ ነው ብንል ብዙ አናጋንንም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ሉዓላዊነት በንጉሠ ነገሥቱ እንደሚጸና፣ ሚኒስትሮችን እንደሚሾሙና እንደሚሽሩ፣ የጦር ኀይል የበላይ አዛዥ እንደ ሆኑ፣ ምክር ቤቱን ለመበተን እንደሚችሉ ይናገራል። ይህን ብቻ ያነበበ ተማሪ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ሥልጣን ያለው ርእሰ ብሔር ጥቂት ነው ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። ያው ሕገ መንግሥት ግን ግብር በሕግ ካልሆነ በቀር እንዳይጣል፣ እንዳይጨመር፣ እንዳይቀነስ ይደነግጋል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በዚሁ መሠረት በምክር ቤት አልፎ ታወጀ። ሕጉ ተሟላ፤ ፊርማው ተፈረመ፤ ማኅተሙ ተመታ።

ጎጃም አልከፈለም። ምክንያቱን ለመረዳት አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የአማራ የመሬት ይዞታ መጽሐፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ደጋ ዳሞት ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም። በዚያ ያለ ሰው መሬት የሚይዘው ከዋናው አባት መወለዱን በአባቱም በእናቱም በኩል ቈጥሮ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሰው ይዞታ ይህን ያህል ጋሻ ነው ብሎ በስሙ መዝግቦ ግብሩን መቍረጥ፣ ለሹሙ የሒሳብ ሥራ ቢመስለውም፣ ለባለ ርስቱ የዘር ቈጠራውን ማፍረስ ነው። ቀላድ የተጣለበት የደቡብ አገር ምን እንደ ደረሰበትም ሰምቶ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የግብር ሕግ በታወጀ ቍጥር ጎጃም የተነሣው፣ መሬቱም ሳይለካ የቀረው በዚህ የተነሣ ነው። የሆበን መጽሐፍ ድካም ንጉሠ ነገሥቱ በውስጡ የሉበትም ማለት ይቻላል፤ የሕገ መንግሥት ጸሐፊዎቹ ድካም ደግሞ ገበሬው የለበትም። ሁለቱ ጽሑፎች ስለ አንድ አገር መሆናቸውን አንባቢው ራሱ ማገጣጠም አለበት።

ስለ 1960 ዓ.ም. ዐመፅ ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በሰፊው ጽፏል። ዐመፁ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በባሕር ዳር በኩል ተስፋፋ፤ ጦር ሠራዊትና አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ገብሩ ገበሬው ሥርዐቱን ለመለወጥ ሳይሆን የያዘውን መብት ለመጠበቅ መነሣቱን ማሳየቱ ትክክል ነው። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። ገበሬው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት እያለ በንጉሠ ነገሥቱ ሹም ላይ ተኰሰ። ዘውዱን ከሥራው ለይቶ ማየት፣ ማለት ርእሰ ብሔርን ከርእሰ መንግሥት መለየት፣ በሕግ መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በገበሬው አሳብ ውስጥ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ተጠቅመውበታል፤ ጥፋቱ የሹሙ፣ ምሕረቱ የዘውዱ ሆነ። ምሕረት የሥልጣን መግለጫ ነው የሚለው አነጋገር ግን እዚህ ላይ አይሠራም። ሊቀበሉት ያልቻሉትን ግብር መማር ሽንፈትን በክብር መሸፈን ነው።

መለየቱ በሕግ የተጻፈው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1966 ዓ.ም. ክረምት የቀረበው የሕገ መንግሥት ረቂቅ ንጉሡን በሕግ የሚወሰን አደረገ፤ የዚያ ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ሚካኤል እምሩ፣ የቀድሞው የጎጃም ገዢ የራስ እምሩ ልጅ ነበሩ። ረቂቁ ሳይጸድቅ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። በዚያው ቀን ደርግ ያወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1 አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ንጉሥ እንደሚሆኑ፣ ነገር ግን በአስተዳደርና በፖለቲካ ጕዳይ ሥልጣን የሌላቸው ርእሰ ብሔር እንደሚሆኑ ይናገራል። አልጋ ወራሹ ለሕክምና በውጭ አገር ነበሩ፤ አልመጡም፤ በመጋቢት ወር ዘውዱ ጨርሶ ተሻረ። አብዛኛው ዝርዝር ይህን ስም አይጽፍም። ለእኛ ግን የዛሬው ፕሬዚዳንትነት አሳብ በመጀመሪያ በዐዋጅ የታየበት ስፍራ ስለ ሆነ፣ ከጀኔራል አማን ሚካኤል አንዶምና ከጀኔራል ተፈሪ በንቲ ስሞች ይልቅ ልናተኵርበት የሚገባ ነው።

በእነዚያ ወራት ማዕከሉ እንዲህ ሲለዋወጥ ሳለ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። ርስት የሚባለው መብት በሕግ ቀረ። ከተቀቡት ነገሥታት አንዳቸው በዳሞት ሊያደርጉት ያልቻሉትን፣ ስሙ እንኳ ለገበሬው ገና ያልተለመደ ኮሚቴ በዐዋጅ አደረገው። በ1980 ዓ.ም. የኢ.ሕ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት ሲመጣ ርእሰ ብሔርነትና አድራጊ ፈጣሪነት በፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ጎጃምም ያን ጊዜ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ተከፈለ። ስለዚህ ስለምንጽፍበት ምድር የዞኑ ስም የፕሬዚዳንቱ፣ የከተማው ስም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው።

ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሠራው ሕገ መንግሥት ብዙ ተጽፏል፤ አጭር እናድርገው። ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣል፤ የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። የምክር ቤቶቹን የዓመት ስብሰባ ይከፍታል፤ አምባሳደሮችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ይሾማል፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። የጦር ኀይሉ ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ ወይዘሮ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ፣ ከመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ተከታትለዋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን «ከውጭ የተቀዳ፣ ለአገራችን ልማድ እንግዳ የሆነ ሥርዐት» ይሉታል። የጎንደርን ነገሥታት፣ ዘውዲቱንና ዐዋጅ ቍጥር 1ን ያየ ሰው ይህን ሊል አይችልም። እንግዳው ነገር ሌላ ነው፤ የቀድሞው ገበሬ በሹሙ ሲበደል አቤት የሚልበት ዘውድ ነበረው፤ የዛሬው ርእሰ ብሔር ግን አቤቱታን ሰምቶ ሹምን ለመሻር አይችልም።

ይህ ነገር በምዕራብ ጎጃም ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ ብዙ ገበሬ «ቢሮክራሲ» እና «ቅሪተ ፊውዳል» በሚሉ ስሞች እየተለየ ይዞታው ተቀነሰበት። የመሬት አስተዳደር የክልል ሥራ ስለ ሆነ ፕሬዚዳንቱ በዚህ ውስጥ አልነበሩበትም። ሁለተኛው የቅርብ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ፍኖተ ሰላምም ውጊያ ከደረሰባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። በአንቀጽ 93 መሠረት ይህን የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዐዋጁ በጥር 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ለ4 ወር ተራዘመ። መንግሥት በሕዝቡ ላይ ሊኖረው የሚችለው ከሁሉ የሚከብደው ሥልጣን በሥራ ላይ ሲውል፣ ከርእሰ ብሔርዋ የሚጠየቅ ውሳኔ አልነበረም። የርእሳነ ብሔርን ዝርዝር ይዞ የእነዚህን ወራት ታሪክ በዳሞት ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ፣ በእጁ የያዘው ወረቀት ምንም አይረዳውም።

የይቅርታው ሥልጣን እንኳ መልኩን ለውጧል። በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ በሞት ፍርድ ላይ የነበሩትን የደርግ ባለሥልጣኖች ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲለውጡ፣ ነገሩ በሕግ በተወሰነ መንገድ አልፎ የመጣ ነበር። የ1961 ዓ.ም. ምሕረት ከንጉሥ አፍ እንደ ወጣ ይነገር ነበር፤ የ2003ቱ በቢሮ አልፎ ወጣ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለሕግ ተማሪዎች እንተወዋለን፤ እኛ ግን ሁለተኛውን እንመርጣለን።

መሬቱስ? በ1990ዎቹ ዓመታት መካከል ክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። በ1960 ዓ.ም. መለካትን በጥይት የመለሰው አገር ማሳውን አስለክቶ ደብተር ተቀበለ፤ በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ልኬቱ ለግብር ብቻ ነበረ፤ አሁን ለባለ ይዞታው ማስረጃ ሆነ። ደብተሩ የሚሰጠው በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ የማኅተሙም ባለቤት እሱ ነው።